ግማሽ አካሉ በሩቅ የቀረ ስልክ

ሰው በቤቱ ከሚያኖራቸው ዕቃዎች የሚበዙት፣ ሰዓትም ቢሆን የስፌት መኪናም ቢሆን ፋኖስም ቢሆን፣ አካላቸው በሙሉ በባለቤታቸው ፊት ያለ ስለ ሆነ፣ በታመሙ ጊዜ ሕመማቸውን ከዚያው ከገላቸው ላይ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል፤ በአደባባይና በመንገድ ዳር ቆሞ ሳንቲም እየተቀበለ ሕዝብን ሲያነጋግር የኖረው የሳንቲም ስልክ ግን የዚህ ወገን አይደለም። እርሱ እኩሌታው በግድግዳ ላይ፣ እኩሌታው ደግሞ ስልክን ከስልክ በሚያገናኘው በሩቅ ማዞሪያ ቤት ውስጥ ሆኖ የተሠራ ነውና፣ ከቦታው ነቅሎ ወደ ቤቱ ያስገባው ሰው ስልክ ገዛሁ ቢልም የገዛው የስልክን ግማሽ ነው። ስለዚህ ጥገናው የሚጀምረው ካቻቢቴ ከማንሣት ሳይሆን ያ የቀረው እኩሌታ ምን ይሠራ እንደ ነበረ ከማወቅ ነው፤ ይህን ሳያውቁ የሚነካኩት ሰዎች ደኅናውን ብልት እያወለቁ ሲጥሉ ይታያሉ።

እንዲህ ያለውን እኩሌታ ስልክ ያየሁት በዋግ ኽምራ መናገሻ በሰቆጣ፣ ከባሕር ጠለል ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ግድግዳው በድንጋይ በታነጸ አንድ ቤት ውስጥ፣ ጡረታ በወጡ መምህር የመጻሕፍት ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ነው። መምህሩ ዕቃውን ያገኙት በአዲስ አበባ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ በኪሎ ሊሸጥ ከተዘጋጀ የብረት ቍርጥራጭ መካከል ሲሆን፣ በዋጋው ብዙ ተከራክረው ከገዙት በኋላ በአውቶቡስ ጣራ ላይ አስጭነው ከ700 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ አስጕዘው አገራቸው አስገቡት። ለምን እንደ ገዙት ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ አጭር ነው፤ «አፍ ያለው ዕቃ ዝም ብሎ መቅለጥ የለበትም» ይላሉ። ለጥገናው የጠሩት ደግሞ በገበያው አጠገብ ሬድዮ፣ የእጅ ስልክና የፀሓይ መብራት የሚያድስ ወጣት ነው፤ ወጣቱ ከእርሳቸው ዘንድ አንደኛ ደረጃ የተማረ ስለ ሆነ እስከ ዛሬ ድረስ ቆሞ ያነጋግራቸዋል፣ እርሳቸውም አንተ ልጅ እያሉ ያዙታል። የእጅ ስልክ ጠጋኝ የለመደው የተበላሸውን ክፍል አውልቆ በአዲስ መተካት ነው፤ እዚህ ግን የሚተካ ክፍል በሰቆጣ ቀርቶ በመርካቶም ስለሌለ፣ የቀረው ፍኖት ያለውን ማዳን ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ፈተና የመጣው ከኤሌክትሪክ ሳይሆን ከቍልፍ ነው። የሳንቲም ስልክ ሁለት ክፍል አለው፤ በላይኛው ክፍል የመናገሪያው መሣሪያ ሁሉ ይገኛል፣ በታችኛው የገንዘቡ ሣጥን ይቀመጣል፤ የሁለቱም ቍልፍ የተለያየ የሆነው መሣሪያውን የሚያድሰው ሠራተኛ ገንዘቡን እንዳይነካ፣ ገንዘቡን የሚሰበስበውም መሣሪያውን እንዳይከፍት በማሰብ ነው። መምህሩ ይህን ሲሰሙ፣ ቍልፍ ያዦቹ ሁሉ በአንድነት ሳይገኙ የማይከፈተውን የደብራቸውን ሙዳየ ምጽዋት አስታውሰው፣ ፈረንጅም እንደኛው ሰውን የሚያምነው በቍልፍ ነው ለካ ብለው ሳቁ። ከሁለቱ ቍልፎች አንዱም አልተገኘም። ወጣቱ በግራይንደር ቈርጦ ለመክፈት ፈልጎ ነበር፤ መምህሩ ግን የተቈረጠ በር የተሰበረ በር ነው ብለው ከለከሉት፤ ስለዚህ በቍልፉ አፍ ነጭ ጋዝ አንጠባጥበው አሳደሩትና፣ በማግሥቱ የዛገው ምላስ በላላ ጊዜ፣ ከቀጭን የብረት ሉክ የተሞረደ መክፈቻ ገብቶ የላይኛው በር እሺ አለ። የታችኛው እስከ መጨረሻው እንደ ተዘጋ ቀረ፤ ለጥገናው ስለማያስፈልግም አላስቸገረም።

ውስጡ በተከፈተ ጊዜ የታየው ትዕይንት ዛሬ የተሠራ ዕቃ የማያሳየው ነው። የዛሬ ስልክ ቢከፈት ዐይን የሚለየው ነገር የለውም፤ ይህ ግን ሥራውን ሁሉ በገሃድ ያሳያል፤ መንጠቆው፣ ሞላው፣ መዘውሩ፣ የናስ ጥርሱ፣ በሐር ክር የተጠቀለለው ሽቦ፣ ሳንቲም የሚንከባለልበት ጠባብ ቦይ፣ አንዱ ሌላውን ሲገፋና ሲያነሣ በጣት እየተከተሉ ሊረዱት የሚቻል ነው። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ማውጣት እንጂ በውሃም በቤንዚንም ማጠብ አይገባም፤ የሽቦውን ልባስ ያላቅቀዋልና። ሌላም ሥርዓት አለ፤ ዕቃው በሚመረመርበት ጊዜ ከማንኛውም የስልክ መሥመር ተለይቶ መቀመጥ አለበት። ከማዞሪያ የሚመጣው መሥመር ዝም ባለበት ጊዜ 48 ቮልት ያህል ቀጥተኛ ኀይል ይይዛል፤ ይህ ብዙም አይጎዳም፤ ጥሪ በሚመጣበት ጊዜ ግን ደወሉን የሚያንቀሳቅሰው ከ75 እስከ 90 ቮልት የሚደርስ ተለዋዋጭ ኀይል ስለሚላክ፣ በዚያች ሰዓት ጣቱን በሽቦው ላይ ያሳረፈ ሰው ስልኩን ሳያነሣ መልእክቱ ይደርሰዋል።

ምርመራው ከደጅ ወደ ውስጥ ይሄዳል። አስቀድሞ ሁለቱ የመሥመር ሽቦዎች የሚታሰሩባቸው ቡሎኖች፣ ቀጥሎ እጀታው የሚሰቀልበት መንጠቆ ይመረመራል። እጀታው ሲነሣ መንጠቆው ወደ ላይ ይወጣና ከሥሩ ያሉ ስስ የናስ ምላሶችን ያገናኛል፤ በነዚህ ምላሶች ጫፍ ላይ ያለችው ነቍጥ የጠቈረች እንደ ሆነ ስልኩ መቃብር የገባ ያህል ዝም ይላል። ብዙ ሰው ነቍጧን በአሸዋ ወረቀት ይፈገፍጋታል፤ ይህ ክፉ ልማድ ነው፤ የከበረውን ልባስ ፍቆ ለሚቀጥለው ዝገት በር ይከፍታልና። የሚሻለው ደረቅ ጠንካራ ወረቀት ቀዶ፣ ምላሶቹን በጣት ለዘብ አድርጎ እያጣበቁ በመካከላቸው መሳብ ነው፤ ወረቀቱ እየጠቈረ ይወጣል፣ ነቍጧም ትነጻለች። መምህሩ ለዚህ ሥራ ያቀረቡት የቆየ የፈተና ወረቀት ስለ ነበረ፣ የአንድ ያልታወቀ ተማሪ ውጤት በዚህ ቤት ከብዙ ዘመን በኋላ ለጥቅም ዋለ።

በእጀታው ውስጥ ሁለት ልሳን አለ፤ አንዱ ለእዝን፣ አንዱ ለአፍ። ለጆሮ የተሠራው ማግኔት፣ ጥቅልል ሽቦና ስስ ብረት ብቻ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ አይሞትም፤ ከሬድዮ የወጣች አንዲት የባትሪ ድንጋይ በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ስትነካ ጠቅ የሚል ድምፅ ከሰጠ ደኅና ነው። ለአፍ የተሠራው ግን ሌላ ጠባይ አለው። በውስጡ ያለው የከሰል ብናኝ ነው፤ የተናጋሪው ድምፅ ስስዋን ብረት ሲገፋት ብናኙ ይጠጋጋል፣ ስትመለስ ይላላል፣ በብናኙ ውስጥ የሚያልፈው ኀይልም በዚያው ልክ ሲበዛና ሲያንስ ድምፁ ተጽፎ ወደ ሽቦው ይወጣል። ዘመን ሲበዛበት፣ በተለይም ርጥበት ካገኘው፣ ብናኙ ተያይዞ ድንጋይ ይሆናል። ያን ጊዜ አውልቆ መወርወር አያስፈልግም፤ ከጠረጴዛው እንጨት ጋር ለዘብ እያደረጉ መታ መታ ማድረግና፣ በቴስተር ሲለካ ቍጥሩ በመነቅነቁ ልክ የሚዋዥቅ መሆኑን ማየት ይበቃል። የዋግ አየር ደረቅ መሆኑ እዚህ ላይ ረድቷል፤ በባሕር ጠረፍ ተቀምጦ ቢሆን ይህ ብናኝ ይፈታ ነበር ብዬ አላምንም።

የሚሽከረከረው መደወያ ጣት የገባበትን ቍጥር የሚናገረው መሥመሩን በመቍረጥ ነው፤ አምስት የደወለ ሰው መሥመሩን አምስት ጊዜ ይቈርጣል፣ ዜሮ የደወለ ዐሥር ጊዜ፤ የመቍረጡም ፍጥነት በአንድ ሰከንድ ዐሥር ጊዜ መሆን አለበት። ከዚህ ከዘገየ ወይም ከፈጠነ ማዞሪያው ቍጥሩን ያምታታዋል። (በስዊድን አገር ዜሮ ከአንድ በፊት ስለሚቀመጥ አንድ ብሎ የደወለ ሰው ሁለት ጊዜ ይቈርጥ ነበር፤ ከዚያ የመጣ ስልክ ሌላ ዘንድ ሲገባ ከባለቤቱ ጋር የሚጣላው በዚህ ምክንያት ነው።) ፍጥነቱን የሚጠብቀው በመደወያው ጀርባ የምትሽከረከር ትንሽ መቈጣጠሪያ ናት፤ ክንፎቿ በፈጠነች ቍጥር ተዘርግተው ግድግዳዋን እየታከኩ ያዘገዩአታል። የዚህ ስልክ መደወያ ግን ዜሮ ሲደወል እያቃሰተ ይመለስ ነበር፤ አሮጌው ቅባት ደርቆ ሙጫ ሆኗል። ወጣቱ ሙጫውን በአልኮል አንሥቶ በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ካኖረበት በኋላ፣ ከእጅ ባትሪ ያወጣትን ትንሽ አምፖል ከመደወያው ጋር በአንድ ገመድ አሰረና መብራቱን አጠፋ። ዜሮ በተደወለ ጊዜ አምፖሏ እየጠፋች ስትበራ የመምህሩ የልጅ ልጆች በአንድ ቃል ቈጠሩ፤ ዐሥር ሞላ፣ የሰዓቱም ሰከንድ መቍጠሪያ ከአንድ ብዙም አላለፈ።

ካፓሲተሩን በአጭሩ ልለፈው። ሥራው ለደወሉ የሚመጣውን ተለዋዋጭ ኀይል አሳልፎ ቀጥተኛውን ማገድ ነው፤ በወረቀትና በሰም የተሠራው አሮጌው ዐይነት በዕድሜ ብዛት ማፍሰስ ይጀምራል፣ ያን ጊዜ ማዞሪያው እጀታው የተነሣ ስለሚመስለው ለዚያ ቤት ጥሪ አያሳልፍም። ይህኛው ያፈስስ ነበርና 1 ማይክሮፋራድ የሆነ 250 ቮልት የሚችል አዲስ ተተካለት። በዚህ ስልክ ላይ በአዲስ የተተካው ብቸኛው ብልት እርሱ ነው።

አሁን ወደ ሳንቲሙ እንመጣለን፤ የዚህ ዕቃ ጥበብ በእውነት የሚታየው በዚህ ነው፤ ለሰቆጣ ሰውም ነገሩ እንግዳ አይደለም። ከአፋር ምድር በግመልና በበቅሎ የሚወጣው የአሞሌ ጨው ወደ ላስታና ወደ በጌምድር ሲሻገር ሰቆጣ ከታወቁት ገበያዎች አንዷ ነበረች፤ አሞሌ እንደ ገንዘብ ይዘዋወር በነበረበት ዘመን ሻጩ የሚቀበለው አሞሌ ዝናብ ያልበላው፣ ጠርዙ ያልተሸረፈ፣ ልኩ ያልጐደለ መሆኑን በእጁ መዝኖ በዐይኑ መርምሮ ነበር። ከአሞሌው ጐን ይሄድ የነበረው የማርያ ትሬዛ ብርም እንዲሁ ነው፤ 28 ግራም የሚመዝነው፣ 1780 የሚል ዓመት የታተመበት ያ ብር፣ ከንግሥቲቱ ራስ ጌጥ ላይ ያለው የዕንቍ ነጠብጣብ ተቈጥሮ፣ በትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ አለመፋቁ ታይቶ፣ በድንጋይ ላይ ተጥሎ ድምፁ ተደምጦ ካልሆነ ከእጅ ወደ እጅ አያልፍም ነበር። ገበሬው በዐይን፣ በእጅና በጆሮ ያደርግ የነበረውን ይህን ሁሉ ፍርድ፣ የሳንቲም ስልክ ሠሪዎች በጠባብ የናስ ቦይ ውስጥ ሊያስገቡት ተገደዱ፤ ምክንያቱም በመንገድ ዳር የቆመ ዕቃ ጠባቂ የለውም።

አካሄዱም እንዲህ ነው። ሳንቲሙ የሚገባበት ቀዳዳ ራሱ የስፋትና የውፍረት ሚዛን ስለ ሆነ ትልቁን ከውጭ ያስቀረዋል። ካለፈ በኋላ ወደ ትንሽ መድረክ ይወርዳል፤ በጣም ቀጭን የሆነው በመድረኩ ስንጥቅ ሾልኮ ወደ መመለሻው ጽዋ ይወድቃል። ቀጥሎ ሚዛን አለ፤ ቀላል የሆነው ሚዛኑን ሊደፋ ስለማይችል አያልፍም። በመጨረሻ በማግኔት ጥርሶች መካከል ይንከባለላል፤ ብረት ከሆነ ማግኔቱ ይዞ ያስቀረዋል፤ መዳብ ወይም ናስ ከሆነ ግን ማግኔት ባይስበውም በመካከሉ ሲያልፍ በራሱ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሽክርክሪት ስለሚፈጠር ጕዞው ይዘገያል፤ የመዘግየቱም መጠን እንደ ማዕድኑ ዐይነት ስለሚለያይ፣ ትክክለኛው ሳንቲም በትክክለኛው ስፍራ ላይ ሲያርፍ ሌላው ወይ ቀድሞ ይወድቃል ወይ አልፎ ይሄዳል። ዐይን ሳይኖረው ማዕድንን የሚለይ ዳኛ ማለት ይህ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከንቱ እንዳልነበረ ከራሳችን ገንዘብ ታሪክ ማየት ይቻላል። በ1936 ዓ.ም. በታተመው የንጉሠ ነገሥቱ ገንዘብ ውስጥ ከመዳብ የተሠራው ባለ 25 ሳንቲም ስሙኒ፣ ከብር ከተሠራው ባለ 50 ሳንቲም ጋር በስፋት ተቀራራቢ ስለ ነበረ፣ ብልሆች ስሙኒውን በብር እየለበጡ በእጥፍ ዋጋ ያሳልፉት ጀመር፤ ስለዚህ መንግሥት ክቡን ስሙኒ ሰብስቦ ዙሪያው እንደ አበባ የተከረከመውን አወጣ። የሰው ዐይን የተታለለበት ሳንቲም ሚዛንን ባያታልልም፣ ሚዛን ያልነበረው ሰው ብዙ ነበር።

በሰቆጣው ስልክ ላይ የተገኘው ሕመም ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ሆነ፤ ሐሰተኛውን አሳልፎ ሳይሆን እውነተኛውን አልቀበልም ብሎ ነው የታመመው። ወጣቱ ከኪሱ ያወጣው ዐሥር ሳንቲም በማግኔቱ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ሁለተኛውም ተጣበቀ። ቦዩ የተጣመመ መስሎት ሊያወልቀው ሲል፣ መምህሩ ከመሳቢያቸው ያቆዩትን አንድ የቈየ ዐሥር ሳንቲም ሰጡት፤ ያ ምንም ሳይገታው ተንከባልሎ ከስፍራው አረፈ። ነገሩ ግልጥ ነው፤ በፊት የተመታው ዐሥር ሳንቲም ናስ ሲሆን ኋላ የመጣው ግን በናስ የተለበጠ ብረት ስለ ሆነ ማግኔት ይስበዋል። በመልክና በስፋት ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ዳኛው ግን የሚያውቀው የቀድሞውን ብቻ ነው። ቦዩ እንዳለ ተተወ። ማግኔቱን ማውጣት ቀላል ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ሚዛን የነበረው ነገር ቀዳዳ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ስልኩ በሁለት 12 ቮልት የፀሓይ ባትሪዎችና በ470 ኦም ሬዚስተር አማካይነት ከሌላ ተራ የጠረጴዛ ስልክ ጋር ተገናኘ፤ አንዱ በመጻሕፍቱ ክፍል፣ ሌላው በማድ ቤት ተቀመጠ። በማድ ቤቱ የነበሩት የመምህሩ ባለቤት ሲናገሩ በዚህ በኩል ጥርት ብሎ ተሰማ፤ ከዚህ የሚነገረው ግን ወደዚያ አይደርስም። እርሳቸውም «ኧረ ተናገሩ!» እያሉ ይጮኹ ነበር። ወጣቱ የከሰሉ ብናኝ እንደ ገና ተያይዞ ነው ብሎ መናገሪያውን አወጣ፤ በቴስተር ለካው፤ ደኅና ነው። ከሌላው ስልክ አውጥቶ ለወጠው፤ ያም ዝም አለ። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ መረመረ፤ አልተቈረጠም። ግማሽ ቀን የፈጀበት ይህ ፍለጋ በስልኩ ውስጥ ሕመም የሌለ መሆኑን ከማረጋገጥ በቀር ሌላ ፍሬ አላፈራም።

ሕመሙ በሌለው እኩሌታ ላይ ነበር። እንዲህ ያለው ስልክ ገንዘቡ እስኪከፈል ድረስ የተናጋሪውን አፍ ዘግቶ ይጠብቃል፤ ጆሮውን ብቻ ክፍት ይተዋል። በሩቅ ያለው ሰው እጀታውን ሲያነሣ ማዞሪያው ሁለቱን የመሥመር ሽቦዎች ያፈራርቃቸዋል፤ አዎንታዊው አሉታዊ፣ አሉታዊውም አዎንታዊ ይሆናል። ይህ መገለባበጥ ለስልኩ የተሰጠ ትእምርት ነው፤ በውስጡ ያለው ኤሌክትሮማግኔት ይህን ሲያይ ተንጠልጥሎ የቆየውን ሳንቲም ወደ ሣጥኑ ይጥልና የተዘጋውን አፍ ይከፍታል። መልስ ሰጪ ያልተገኘ እንደ ሆነና ደዋዩ እጀታውን መልሶ ከሰቀለ ሳንቲሙ ወደ ጽዋው ይመለሳል። በባትሪ የተገናኘው የመምህሩ ስልክም በሥርዓቱ ጸንቶ ትእምርቱን ይጠብቅ ነበር እንጂ አልተበላሸም ነበር።

ሌሎች አገሮች ገንዘቡ መከፈሉ እንዴት ይታወቅ የሚለውን ይህንኑ ጥያቄ በየራሳቸው መንገድ መልሰውታል። በአሜሪካ የሃርትፎርዱ ዊልያም ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1889 የሳንቲም ስልክ የፈጠራ መብት ካገኘ በኋላ ለብዙ ዘመን ዳኝነቱ ለሰው ጆሮ ተትቶ ነበር፤ አምስት ሳንቲም ሲገባ ደወሉ አንድ ጊዜ፣ ዐሥር ሲገባ ሁለት ጊዜ፣ ሃያ አምስት ሲገባ ወፍራም ድምፅ ያለው ሌላ ደወል ይመታል፣ ኦፕሬተሯም በሽቦው በኩል እያዳመጠች ትቈጥራለች፤ ብሩን በድንጋይ ላይ ጥሎ ከሚያዳምጠው ነጋዴ በምን ትለያለች? በእንግሊዝ አገር የኤ እና የቢ ቍልፍ ነበረ፤ መልስ የሰማ ሰው ኤን ተጭኖ ገንዘቡን ሲያስረክብ አፉ ይከፈትለታል፣ መልስ ያጣ ቢን ተጭኖ ገንዘቡን ይወስዳል። ኢጣልያኖች ደግሞ ሳንቲሙን ትተው ጄቶኔ የሚሉትን የስልክ ምልክት አወጡ፤ እርሱም በገበያ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ጀመር፤ ያ ከአሞሌ ታሪክ ጋር ቢነጻጸር ራሱን የቻለ ሐተታ በወጣው ነበር።

ማዞሪያ ቤት በአገራችን ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደ ነበረ የዛሬ ልጅ አይረዳውም። ስልክ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ፣ ሐረርንና አዲስ አበባን ያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር መሥመር ከተዘረጋ በኋላ፣ ሥራው በ1945 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተሰጠ፤ ቦርዱም ስሙን እየለወጠ በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን፣ በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ሆነ። በዚህ ዘመን መካከል የገጠር ከተማ ሰው ስልክ የሚያውቀው በቤቱ ሳይሆን በቴሌ ነበር። የመምህሩ ባለቤት፣ ወጣቱ እትዬ የሚላቸው፣ ከማድ ቤት ወጥተው ሲያወጉ፣ ስልክ አለሽ ተብሎ በተነገራቸው ጊዜ ነጠላቸውን አስተካክለው ወርደው፣ ከሰው ጋር በአግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ ኦፕሬተሩ ስማቸውን እስኪጠራ ወሬ እየተለዋወጡ ይጠብቁ እንደ ነበር ነገሩኝ። በጠባቧ ክፍል ገብተው የሚናገሩት ሁሉ በደጅ ያለው ሰው ስለሚሰማው ምሥጢር ያለው ሰው ወይ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና ይናገር ነበር ወይ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። «የኦፕሬተሩስ አገር ሰቆጣ ከሆነ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ያን ጊዜማ ደብዳቤ ነዋ!» አሉኝ።

በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የእጅ ስልክ እያደር ወደ ዋግም ደርሶ ይህን አግዳሚ አስረሳው። ነገር ግን የማዞሪያው ነገር ጨርሶ አልቀረም፤ ከዐይን ተሰወረ እንጂ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በሰቆጣና በዙሪያዋ ስልክና መብራት በተቋረጠ ጊዜ፣ ወጣቱ እንደ ነገረኝ፣ ሰው የእጅ ስልኩን ይዞ ወደ እርሱ እየመጣ ሥራልኝ ይለው ነበር፤ ደኅና መሆኑን ቢነግረውም ማመን ያቅተው ነበር፤ በአዲስ አበባና በባሕር ዳር ያለ ዘመዱ ድምፅ የጠፋው በእጁ ባለው ዕቃ ምክንያት ቢሆን ይመርጥ ነበርና። ሕመሙ ከዚህ ነው ወይስ ከዚያ የሚለው ጥያቄ የጠጋኝ ሁሉ መጀመሪያ ጥያቄ መሆኑን ወጣቱ የተማረው ያን ጊዜ ነው፤ በሳንቲሙ ስልክ ላይ ግን ግማሽ ቀን ረሳው።

መፍትሔው ከአንድ ስዊች አላለፈም። ሁለት ሽቦ ገብቶበት ሁለት ሽቦ የሚወጣበት ባለ ስድስት እግር ስዊች ከአሮጌ ቴፕ ሪከርደር አውጥቶ፣ የዳር እግሮቹን በካውያ እያፈራረቀ አሰረና በባትሪውና በስልኩ መካከል አኖረው። እትዬ በማድ ቤት እጀታውን አነሡ፤ መምህሩ የቈየውን ዐሥር ሳንቲም ከተቱ፤ ሳንቲሙ ተንከባልሎ ከስፍራው ተንጠለጠለ። ከዚያ ወጣቱ ስዊቹን ገለበጠ። በብረቱ ሆድ ውስጥ አንድ ነገር ተወርውሮ ሣጥኑን መታ፤ መምህሩም «አሁንስ?» ሲሉ ከማድ ቤት «አሁን ተሰማ፣ ምን ይጮኻሉ!» የሚል መልስ መጣ። በሰቆጣ በአንድ ቤት ውስጥ ወጣቱ በጣቱ ማዞሪያ ቤት ሆነ። አንድ ነገር ብቻ አልታሰበም ነበር፤ ሳንቲሙ የወደቀው ቍልፉ ወዳልተገኘው ሣጥን ነው፤ ናስ የሆነው ዐሥር ሳንቲም ደግሞ በቤቱ ሌላ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ በሁለቱ መካከል ክርክር ተነሣ። ወጣቱ አፍ የሚዘጋውን ምላስ በአጭር ሽቦ አገናኝቶ ስልኩ ያለ ሳንቲም እንዲናገር ማድረግ ፈለገ፤ ሥራው ደቂቃ አይፈጅም፣ ከአሁኑ የቤት መሥመር ጋር ለማያያዝም ይህ ግድ ነው አለ። በዚህስ እውነት አለው፤ የዛሬዎቹ የመሥመር ሣጥኖች ብዙዎቹ የሽቦውን መገለባበጥ አይልኩም፣ የመደወያውን መቍረጥም ስለማይረዱ በመካከል ቍርጡን ወደ ድምፅ የሚለውጥ መሣሪያ ያሻል። መምህሩ ግን ሳንቲም የማይጠይቅ የሳንቲም ስልክ ለምን ይጠቅመኛል ብለው እምቢ አሉ፤ በእኔም አስተያየት እውነቱ ከእርሳቸው ዘንድ ነው፤ ዐሥር ሳንቲም ምንም በማይገዛበት በዚህ ዘመን እንኳ። በመጨረሻ አጭሩ ሽቦ በካውያ ሳይጣበቅ በሁለተኛ ስዊች ላይ እንዲታሰር ተስማሙ፤ አፉ ለእንግዳ ይዘጋል፣ ለቤተ ሰብ ይከፈታል።

የቀረው ደወሉ ነው። ደወል በባትሪ ቀጥተኛ ኀይል አይመታም፤ በሰከንድ ከ20 እስከ 25 ጊዜ የሚመላለስ ኀይል ይፈልጋል። ይህን የሚሰጠው ቀላሉ መሣሪያ በእጅ የሚዞረው የድሮ ስልክ ማመንጫ ነው፤ ወጣቱ ከነመዘውሩ ያለ አንድ የወታደር ስልክ በአምደ ወርቅ ከተማ በአንድ ብረት ሻጭ ዘንድ እንዳለ ሰምቶ ሰው ልኳል። ሻጩ የጠየቀው ዋጋ ለመምህሩ ከስልኩ ዋጋ በላይ ሆኖባቸዋል፤ እትዬ ደግሞ ደወል በሌለበትም ከመጻሕፍት ቤት እስከ ማድ ቤት መጣራት ይቻላል ብለዋል። እኔ ከሰቆጣ ስነሣ ዋጋው ገና አልተቈረጠም ነበር።